ገላጋይ የሞላበት ጠብ

በ1800 በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም ኦጉስታን ላንድሬ-ቦቬ ከተለመደው ሪህ ጋር አልገጥም ያለውን አንድ የመገጣጠሚያ በሽታ በመመረቂያ ጽሑፉ ገለጸ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪህ በዘመኑ ሥጋና ወይን የማይጎድልባቸው ወንዶች ሕመም ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ላንድሬ-ቦቬ የገለጻቸው ግን ሴቶች ነበሩ። ሕመሙ በእግር አውራ ጣት ላይ ብቻ አይቆምም፤ ብዙ መገጣጠሚያዎችን አንድ ላይ ይይዛል፣ ለዓመታት ይቆያል፣ ውሎ አድሮም ጣቶችን ያጣምማል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ እንደሚበዛ በ1848 አሳይቶ ስለነበር ይህ ምልክት የማይታይበትን ሕመም ለይቶ ማውጣት ቻለ፤ በ1859ም ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለውን ስም አወጣለት። ስም ተገኘለት እንጂ መነሻው አልታወቀም። የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ክፍል የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያም ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 18 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነሱም 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው።

ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን ለምን ያጠቃል? ለዚህ ጥያቄ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የተሰጡት መልሶች ስለ አጥቂው ብቻ ይናገሩ ነበር፤ የትኛው ፀረ እንግዳ አካል፣ የትኛው ሕዋስ፣ የትኛው ኬሚካል እንደሚያጠቃ። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ሌላኛውን ወገን ነው፤ አጥቂውን የሚያስታግሱትን፣ ዛሬ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት የምንላቸውን። የእነሱ ታሪክ በቅደም ተከተል ሲነበብ የሚያሳምነኝ አንድ ነገር አለ፦ በሩማቶይድ አርትራይተስ የተበላሸው የተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ሳይሆን የሚሠሩበት ሁኔታ ነው። ልዩነቱ ለመጽሐፍ ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን እናብዛ ብለው የተነሡ ሕክምናዎች ለምን ደጋግመው እንደ ተሰናከሉ፣ እነሱን ጨርሶ ሳያስቡ የተሠሩ መድኃኒቶችስ ለምን እንደረዷቸው የሚገለጠው በዚህ ልዩነት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፍየሎች ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ1900 አካባቢ ለፍየሎች የሌሎች ፍየሎችን ደም ወጋ። ፍየሎቹ የሌላውን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ፤ የራሳቸውን የሚያፈርስ ግን አንዱም አላመረተም። ኤርሊክ ይህን ራስን የመመረዝ ፍርሃት በላቲን ሆረር አውቶቶክሲከስ አለው። ብዙዎች ቃሉን «ሰውነት ራሱን ሊያጠቃ አይችልም» የሚል ሕግ አድርገው ያዙት፤ እሱ ግን ያለው ሌላ ነበር። ጥቃቱ ሊነሣ ይችላል፣ ስለዚህም ሰውነት የሚያግድበት ዘዴ ሊኖረው ይገባል ነበር ያለው። የማገጃው ዘዴ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ተከታዮቹ ዘንግተው ሕጉን ብቻ ያዙ። በ1904 ጁሊየስ ዶናትና ካርል ላንድስታይነር ብርድ ሲያገኛቸው የገዛ ደማቸውን የሚያፈርሱ ሕሙማን ፀረ እንግዳ አካላቸው ራሳቸው ላይ እንደሚሠራ በቪየና ቢያሳዩም ነገሩ እንደ ብርቅ ታይቶ ታለፈ።

ወደ መገጣጠሚያው ስንመለስ፣ ኖርዌያዊው ኤሪክ ቫለር በ1940፣ ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ሃሪ ሮዝና ባልደረቦቹ በ1948 በሕሙማኑ ደም ውስጥ ዛሬ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለውን አገኙ፤ ሌላ ፀረ እንግዳ አካልን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በዚያው በ1948 መስከረም በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች በሕመሙ የአልጋ ቁራኛ ለነበረች ወጣት ሴት ኮርቲዞን ወጋት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። ሄንች ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ብዙም ሳይቆይ የኮርቲዞን ጉዳት ታየ፤ አጥንት ይሳሳል፣ ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይነሣል፣ ሲያቆሙትም ሕመሙ ይመለሳል። ሆኖም አንድ ነገር ተረጋገጠ፦ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው እሳት ሊበርድ የሚችል ነው። ጥፋቱ እንደ እርጅና ወደፊት ብቻ የሚሄድ ሳይሆን፣ አንድ ነገር ያለማቋረጥ የሚያነድደው ብግነት ነው።

የሚያነድደውን ለማወቅ ግን በመጀመሪያ የማያነድደውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጤነኛ ሰው ለምን አይታመምም? አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት በ1957 የሰጠው መልስ ውብ ነበር። እያንዳንዱ ተከላካይ ሕዋስ አንድን ነገር ብቻ ለይቶ ያውቃል፤ የራስን አካል የሚያውቁት ገና በለጋነታቸው ይወገዳሉ። ዣክ ሚለር በ1961 ለንደን ውስጥ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የተባለ ዕጢ የእነዚህ ሕዋሳት ማደጊያ መሆኑን አሳየ፤ ማስወገዱም እዚያው ይፈጸማል ተባለ። የበርኔት ሐሳብ በአብዛኛው እውነት ነው። ጉዳቱ ምሉዕ መምሰሉ ላይ ነበር። አጥፊው ሁሉ በልጅነቱ ከተወገደ ጎልማሳውን የሚጠብቅ ምን ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ መጠየቁ የቆመው መልስ ስላገኘ ሳይሆን አላስፈላጊ ስለመሰለ ነው።

በ1969 ከጃፓኗ ናጎያ የመጣው ውጤት ይህን ሥዕል አናጋው፤ ያን ጊዜ ግን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር። ኒሺዙካና ሳካኩራ በተወለዱ በ3ኛው ቀን ታይመሳቸው የወጣላቸው እንስት አይጦች እንቁላል ማፍሪያቸው ሲጠፋ አዩ። በ7ኛው ቀን ሲወጣላቸው ግን ምንም አልሆኑም። ታይመስ የአጥቂዎች ማሳደጊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ማውጣት ጥቃትን ይቀንሳል እንጂ አያመጣም። መጀመሪያ ነገሩ የሆርሞን ጉዳይ ተደርጎ ተገመተ፤ ቆይቶ ግን እንቁላል ማፍሪያውን ያፈረሱት የአይጧ የራሷ ተከላካይ ሕዋሳት መሆናቸው ታወቀ። ከ3ኛው ቀን በኋላ ከታይመስ የሚወጣ፣ ቀድመው የወጡትን የሚያስታግስ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ጌርሾን ሌላ መንገድ ይዞ ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ ነበር። በ1970 ቲ ሕዋሳት፣ ማለትም በታይመስ የሚያድጉት ተከላካይ ሕዋሳት፣ የሌሎችን ምላሽ ሊያፍኑ እንደሚችሉ አሳየ፤ «አፋኝ» የሚለው ስም ወጣላቸው፣ አሥር ዓመት ያህልም የዘርፉ ገናና ርዕስ ሆኑ። አንዱ አፋኝ ሌላውን አፋኝ ያስነሣል፣ እሱም ሦስተኛውን፤ በመካከላቸው የሚላላኩ የማይጨበጡ ነገሮች በጽሑፍ ላይ በዙ። አፋኞቹን ለይቶ ያሳያል የተባለ አይ-ጄ የሚል ምልክትም ነበር፤ ጂኑ በአይጥ ክሮሞሶም ላይ በትክክል የት እንደሚገኝ ተነግሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች የተባለውን ቦታ በአዲሱ የሞለኪውል ጥበብ አንድ በአንድ ሲያነብቡት ለአይ-ጄ የሚሆን ጂን አልተገኘም። ጌርሾን በ1983 አረፈ፤ ዘርፉም አብሮት የሞተ ያህል ሆነ። ከዚያ በኋላ «አፋኝ ሕዋስ» የሚል ቃል በምርምር ማመልከቻው ላይ የጻፈ ሰው ገንዘብ ማግኘት ይቸግረው ነበር። እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ ዛሬ ተቆጣጣሪ የሚባሉት እነዚያው አፋኞች ስማቸውን ቀይረው የተመለሱ አይደሉምን? ሐሳቡን ከተመለከትን፣ አዎ፣ የዛሬዎቹ የጌርሾን ወራሾች ናቸው፤ ሰውየውም ከተሰጠው በላይ ምስጋና ይገባዋል። በማስረጃው በኩል ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የ1970ዎቹ ሰዎች በብልቃጥ ውስጥ አንድን ምላሽ ሲያፍን ያዩትን ሁሉ አፋኝ አሉት። ቀጣዩ ትውልድ የጠየቀው በተቃራኒው ነበር፤ ሕዋሱን ከእንስሳው ብናወጣ ምን ይበላሻል?

የዚህ ጥያቄ ባለቤት ሺሞን ሳካጉቺ ነው። የናጎያው ውጤት ስቦት ወደዚያው ቤተ ሙከራ ሄዶ ነበር፤ ዘርፉ ሲፈርስም አልተወውም። ከ1982 ጀምሮ፣ ታይመሳቸው ለወጣ አይጦች ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ቲ ሕዋስ ሲሰጣቸው ከበሽታ እንደሚድኑ ደጋግሞ አሳየ። ቀሪው ሥራ ከእነዚያ ሕዋሳት መካከል የሚያድኑት የትኞቹ እንደሆኑ የሚለይ ምልክት መፈለግ ነበር፤ ይህም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ1995 ሲዲ25 የተባለው ምልክት ተገኘ፤ ረዳት ከሚባሉት ቲ ሕዋሳት አሥር በመቶ ያህሉ ይሸከሙታል። ሳካጉቺ ከጤነኛ አይጥ ሕዋሳት መካከል ሲዲ25 ያላቸውን አስወግዶ የቀሩትን ቲ ሕዋስ ለሌላቸው አይጦች ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ በታይሮይድ፣ በጨጓራ፣ በቆሽት፣ በኩላሊት ላይ በሚነሣ ራስን የማጥቃት በሽታ ታመሙ። ከዝርዝሩ ውስጥ የብዙ መገጣጠሚያዎች ብግነት አለበት። የተወገዱት ሕዋሳት በጊዜ ሲመለሱ በሽታው ቀረ። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ አጥቂዎቹ ከጤነኛ እንስሳ የመጡ መሆናቸው ነው፤ ማንም አላስቆጣቸውም፣ ማንም አልከተባቸውም። መገጣጠሚያን ሊያጠቃ የሚችል ሕዋስ በጤነኛው ሁሉ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የበርኔት ማጣሪያ ሁሉንም አይዝም።

ከናጎያ ርቆ፣ አቶሚክ ቦምብ ከሠራው የአሜሪካ ፕሮጀክት በወጣው በኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ፣ የጨረርን ጉዳት ለማጥናት ከሚረቡ አይጦች መካከል በ1949 ቆዳቸው የሚቀረፍ ወንድ አይጦች ተወልደው ነበር። ስከርፊ ተባሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ችግሩ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ መሆኑ ቢታወቅም ጂኑን ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በሲያትል አቅራቢያ ባለ የመድኃኒት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 አገኙት፤ ዛሬ ፎክስፒ3 ይባላል። በዚያው ዓመት፣ አይፔክስ በሚባል ብርቅ በሽታ የሚሠቃዩ ወንድ ሕፃናት የዚሁ ጂን ብልሽት እንዳለባቸው ታየ። በ2003 ደግሞ የሳካጉቺን ጨምሮ ሦስት ቡድኖች ቋጠሮውን ፈቱት፤ ፎክስፒ3 ሲዲ25 ያላቸውን ሕዋሳት ተቆጣጣሪ የሚያደርግ ጂን ነው። አይ-ጄ ያልነበረው ጂን በዚህ መልኩ ተገኘ፤ ክርክሩም ያኔ አበቃ።

ለመገጣጠሚያው ግን አዲስ ክርክር ተከፈተ። አይፔክስ ያለባቸው ሕፃናት ዋና ሕመም ከባድ ተቅማጥ፣ የስኳር በሽታና የቆዳ ብግነት ነው፤ አርትራይተስ በአንዳንዶቹ ቢታይም የበሽታው መለያ አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ ጨርሰው ሲጠፉ ሩማቶይድ አርትራይተስ ካልመጣ፣ እነሱ ከዚህ በሽታ ምን አገናኛቸው? መቃወሚያው ጠንካራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚያፈርሰው የተሳሳተውን ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተቆጣጣሪዎች እጥረት ቢሆን ኖሮ ቀለል ያለ አይፔክስ በመሰለ ነበር። አይመስልም። ስለዚህ በጎልማሳዋ ጣት ውስጥ የተፈጸመው ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ2003 ሳካጉቺ ኤስኬጂ የተባሉ አይጦችን አቀረበ፤ የቲ ሕዋሶቻቸውን ምልክት ማስተላለፊያ የሚያዳክም አንድ የጂን ስህተት አላቸው፣ ሲያድጉም የሰውን የሚመስል አርትራይተስ ይይዛቸዋል። ከጀርም በጸዳ ቤት ሲያድጉ ግን ጤነኛ ሆነው ይቆያሉ፤ ከሻጋታ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲወጉ ይታመማሉ። ብልሽቱና ቀስቃሹ አንድ ላይ መገናኘት አለባቸው።

ያን ጊዜ የሕክምናው ዓለም በራሱ መንገድ ሩቅ ተጉዞ ነበር። ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል በ1992 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ሰጥተው፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ሲረግብ አይተዋል። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ መድኃኒቱ በገበያ ላይ ዋለ። ተቆጣጣሪ ሕዋስ በዚህ ሥራ ውስጥ አልታሰበም፤ ዕቅዱ አጥቂውን ትጥቅ ማስፈታት ነበር።

ተመራማሪዎች ፎክስፒ3ንና ሲዲ25ን ይዘው ወደ ሕሙማን መገጣጠሚያ ሲመለከቱ የጠበቁት ባዶ ቦታ ነበር። የስቶክሆልም ቡድን በ2003፣ የዩትሬክት ቡድን በ2004 ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ካበጠው ጉልበት በመርፌ በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የተቆጣጣሪዎች ድርሻ በዚያው ሰው ደም ውስጥ ካለው ይበልጣል። ከፈሳሹ ወጥተው በብልቃጥ ሲፈተኑም ይሠራሉ። ድንጋይ በሚወረወርበት ሰፈር የገላጋይ ብዛት ጠቡን እንደማያበርድ ሁሉ፣ እነዚህም በቦታው አሉ፣ አልታመሙም፣ ግን አይሰሙም። የዩትሬክት ሰዎች የመስማቱን ጉዳይ በቀጥታ ፈተኑት፤ ከመገጣጠሚያ የተወሰዱት አጥቂ ሕዋሳት ከደም ከተወሰዱት ይልቅ ለማስታገስ አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ። ለንደን ውስጥ ማይክል ኤረንስታይንና ባልደረቦቹ በ2004 ሌላውን ግማሽ አገኙ። በሽታው በተነሣባቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ያሉ ተቆጣጣሪዎች አጥቂዎቹ እንዳይባዙ ማድረግ ይችላሉ፤ ቲኤንኤፍና መሰል መልእክተኞችን እንዳያፈስሱ ማድረግ ግን ተስኗቸዋል። ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት ወስደው በተሻላቸው ሰዎች ውስጥ ይህ ችሎታ ተመለሰ። ትጥቅ ያስፈታል የተባለው መድኃኒት ገላጋዩንም ወደ ሥራው መልሶት ኖሯል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ሰውየው ስለተሻለው ሕዋሱ ተሻለው፣ ወይስ ሕዋሱ ስለተሻለው ሰውየው? በ2004 ማስረጃ ብቻ መልሱን ማወቅ አይቻልም ነበር። በኋላ የመጡ ሥራዎች ግን ሚዛኑን አዘንብለዋል። በ2006 የወጣ ጥናት ቲኤንኤፍ በራሱ፣ በብልቃጥ ውስጥ፣ የተቆጣጣሪዎቹን ችሎታ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች መንገዱን እስከ ፎክስፒ3 ፕሮቲን ድረስ ተከታትለው፣ ቲኤንኤፍ በፕሮቲኑ ላይ ያለውን የፎስፌት ምልክት እንደሚያስነሣና በዚህም እንደሚያሰንፈው ዘገቡ። ነገሩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ቲኤንኤፍ ተቆጣጣሪዎችን እንደሚያባዛ የሚያሳይ ሥራ በ2007 ወጥቷል፤ ኤረንስታይን ራሱ በ2016 አዳሊሙማብ የተባለው ፀረ ቲኤንኤፍ፣ በሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ቲኤንኤፍ ይዞ ተቆጣጣሪዎችን እንደሚያበረታ፣ ሌላው ፀረ ቲኤንኤፍ ኢታነርሴፕት ግን ይህን እንደማያደርግ አሳይቷል። ቲኤንኤፍ ለተቆጣጣሪ ሕዋስ መርዝ ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ስህተት ነው፤ የት እንዳለ፣ በምን መልክ እንደሚደርሰው ይወስናል። ይህ ክርክሬን ያወሳስበዋል፤ ሆኖም ከቁጥር ይልቅ ሁኔታ ይበልጣል የሚለውን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

«እናብዛቸው» የሚለው መንገድ ከሁሉ በከፋ ሁኔታ የተሰናከለው በ2006 ነው። የጀርመኑ ቴጄኔሮ ኩባንያ ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ነበር፤ ሲዲ28 የተባለውን የቲ ሕዋስ መቀስቀሻ በቀጥታ ይነካል። አይጦች ውስጥ ይህን የመሰለ መድኃኒት ከሌሎቹ ይልቅ ተቆጣጣሪዎችን አባዝቶ አርትራይተስን አስታግሷል፤ ከታቀዱለት በሽታዎች አንዱም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነበር። ዝንጀሮዎች ለሰው ከታሰበው 500 እጥፍ የሚሆን መጠን ወስደው ምንም አልሆኑም። መጋቢት 13 ቀን በለንደኑ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ተወጉ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትውከት ጀመራቸው፤ ከዚያም የብዙ የሰውነት ክፍሎቻቸው ሥራ ታወከ። ስድስቱም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕይወታቸው ተረፈ፤ አንዱ ግን የጣቶቹን ክፍሎች አጥቷል። ለሁሉም በአንድ ቀን መስጠቱ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የመጀመሪያ የሰው ሙከራ ደንብ የተቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይንሳዊው ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ2010 እንደ ተገለጸው፣ ሙከራው የተካሄደባቸው ዝንጀሮዎች ጎልማሳ አጥቂ ሕዋሳት ሲዲ28 የላቸውም፤ የሰው አላቸው። በንጹሕ ቤት ያደጉ አይጦችም ከሕይወት ዘመን ልክፍቶች የተረፈ የአጥቂ ሠራዊት አልነበራቸውም። ተቆጣጣሪውን የሚቀሰቅሰው ድምፅ አጥቂውንም ይቀሰቅሳል። ዓመታት ቆይቶ ያው መድኃኒት ከቀድሞው እጅግ ባነሰ መጠን በሩሲያ ሲሞከር ያ ማዕበል አልተነሣም፤ ኢንተርሉኪን-10 የተባለው የማስታገሻ መልእክት በደም ውስጥ ታየ።

ከገላጋይነት ወደ ጠበኝነት የሚዞሩ መኖራቸውን ያሳየው የቶኪዮው የታካያናጊ ቤተ ሙከራ ነው። ኖሪኮ ኮማትሱና ባልደረቦቿ በ2014 እንዳቀረቡት፣ አርትራይተስ ባለባቸው አይጦች ውስጥ አንዳንድ ተቆጣጣሪዎች ፎክስፒ3ን ያጣሉ፤ ከዚያም ኢንተርሉኪን-17 የተባለ የብግነት መልእክተኛ የሚያመርቱ አጥቂዎች ይሆናሉ። ከተራዎቹ አጥቂዎችም የባሰ አጥንት የሚያስበሉ ሆነው ተገኙ። ወደዚህ የሚገፋቸው ከመገጣጠሚያው ሽፋን የሚወጣው ኢንተርሉኪን-6 ነው። በሕሙማን መገጣጠሚያ ሽፋን ውስጥም ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ የያዙ ሕዋሳት ታይተዋል። ሕሙማን ውስጥ መለወጡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከታተል እንደ አይጥ አይቻልምና የሰው ማስረጃ እዚህ ደካማ ነው። ግን በጃፓናዊው ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ ሥራ ላይ የተመሠረተው፣ የኢንተርሉኪን-6ን መቀበያ የሚዘጋው ቶሲሊዙማብ ከ2008 ጀምሮ በጃፓን ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የወሰዱትን ሰዎች ደም የመረመሩ ጥናቶችም የተቆጣጣሪዎች ድርሻ እንደሚያድግ አይተዋል።

በሰው ላይ ሆን ብሎ ሊሠራ የማይችለው ሙከራ ደግሞ ሳይታሰብ ከካንሰር ሕክምና መጣ። ሲቲኤልኤ-4 ተቆጣጣሪዎች ከሚሠሩባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በ2011 ይህን የሚዘጋው ኢፒሊሙማብ ለቆዳ ካንሰር ተፈቀደ፣ ሌሎች ተከተሉ። ካንሰሩን እንዲያጠቃ የተለቀቀው ሥርዓት በአንዳንዶቹ ሕሙማን መገጣጠሚያዎቻቸውንም አጠቃ። አብዛኞቹ ሩማቶይድ ፋክተር የላቸውምና በሽታው አንድ ነው አልልም፤ ግን ማስታገሻው ሲነሣ የሰው መገጣጠሚያ እንደሚቃጠል ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? የዚህ ግልባጭ የሆነው አባታሴፕት ሲቲኤልኤ-4ን አስመስሎ የተሠራ ሲሆን ከ2005 ጀምሮ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይሰጣል። በ2011 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች በወሰዱት ሰዎች ላይ ያዩት ነገር ለክርክሬ እጅግ ይስማማል፦ የተቆጣጣሪዎቹ ድርሻ ቀንሶ ችሎታቸው ጨምሯል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከቁጥር አምላኪዎች ጋር የማይስማማ ውጤት ነው።

ማብዛቱ ፈጽሞ አልተተወም። ተቆጣጣሪዎች ኢንተርሉኪን-2 የተባለውን መልእክት በጣም ይፈልጋሉ፤ ሲዲ25 የእሱ መቀበያ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ቀድመው የሚጠጡት እነሱ ናቸው። የፓሪሱ የዴቪድ ክላትዝማን ቡድን 11 ዓይነት ራስን የማጥቃት በሽታ ባለባቸው 46 ሰዎች ሞክሮት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸውም ነበሩበት፤ ሕዋሳቱ በሁሉም በዙ፣ መልካም ምልክትም ታየ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም። የሚቃጠል መገጣጠሚያ ውስጥ ተጨማሪ ገላጋይ መጣል ብዙ አይለውጥም ብዬ ስል ይህንንም ማስረጃ ይዤ ነው።

ታዲያ ሳይቃጠል በፊትስ? በብሪታንያና በኔዘርላንድስ መገጣጠሚያቸው ገና ያላበጠ፣ ደማቸው ግን የበሽታውን ፀረ እንግዳ አካል የተሸከመና ሕመም የሚሰማቸው 213 ሰዎች ለአንድ ዓመት አባታሴፕት ወይም ባዶ መርፌ ተሰጣቸው፤ ውጤቱ በ2024 ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ በመድኃኒቱ ወገን በሽታው የተነሣባቸው 6 በመቶ፣ በባዶው ወገን 29 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ቁጥሩ 25 እና 37 ሆነ። ገና ጠቡ ሳይጦፍ ማስታገስ ይቻላል፤ አስታጋሹ ከውጭ ከመጣ ግን አብሮት ይሄዳል። የሰዎቹ የራሳቸው ተቆጣጣሪዎች ቦታውን አልተረከቡም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት ሕዋሱን ራሱን እንደ መድኃኒት የሚሠሩ ናቸው። ራምስዴል ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ሶኖማ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከሕመምተኛው ደም ተቆጣጣሪዎችን ወስዶ፣ በተቃጠለ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገኙ የተለወጡ ፕሮቲኖችን እንዲያውቁ የሚያደርግ ሰው ሠራሽ መቀበያ አልብሶ መልሶ የመስጠት ሙከራ በ2024 ጀምሯል። በጥቅምት 2025 ብራንኮ፣ ራምስዴልና ሳካጉቺ የኖቤል ሽልማት ሲታወጅላቸው ራምስዴል ስልክ በማይሠራበት ተራራማ አካባቢ በእግሩ እየተጓዘ ነበር፤ ዜናውን የሰማው ዘግይቶ ነው። የሙከራው ጥያቄ ግን ሽልማቱ የማይመልሰው ነው። እነዚህ ሕዋሳት የሚላኩት ሌላ መድኃኒት ወዳልበገረው፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 ወደሚፈስስበት መገጣጠሚያ ነው፤ ኮማትሱ ፎክስፒ3ን ሲያጡ ያየቻቸው ሕዋሳት የነበሩትም እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በሌሎች በሽታዎች ላይ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ፎክስፒ3 ከሕዋሱ እንዳይጠፋ ተጨማሪ ቅጂ አስገብተው መቆለፍ ጀምረዋል። ለመገጣጠሚያው ቁልፉ ብቻ ይበቃ እንደሆነ፣ ወይስ ሕዋሱ ከመግባቱ በፊት ኢንተርሉኪን-6ን በሚያግድ መድኃኒት ቦታውን ማብረድ እንደሚያስፈልግ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በሕሙማኑ ላይ የሚታይ ነው።